የጉበት ክትባቱን አቋርጬ ነበር፤ እንደገና ከአንድ ልጀምር?

«ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ዕድሜዬ 24 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ በረዳትነት እሠራለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት የተሠራበት ዕቃ ሳጥብ የጥርስ መጥረጊያው ሹል ብረት ጓንቴን ቀዶ አውራ ጣቴን ወጋኝ። ጨምቄ ደሙን አፈሰስኩት፤ አልኮልም አደረግኩበት። ለማንም አልተናገርኩም።

የዛሬ ስምንት ወር ገደማ የጉበት ክትባት አንድ ጊዜ ተወግቼ ነበር። ሁለተኛውን ሳልወስድ ቀረሁ፤ ብሩም አልሞላልኝም፣ ቀኑም አለፈ። ባልደረባዬ «እንደገና ከአንድ መጀመር አለብሽ» ትለኛለች። የክሊኒኩን ባለቤት ዶክተርን ስጠይቃቸው «ትንሽ ቆይተን እናያለን» አሉኝ። እናቴ ደግሞ «ክትባት የሕፃን ነው፤ ትልቅ ሰው ምን ያደርግለታል» ትላለች። ለጥር ሠርግ አለኝ። ምን ምን ክትባት ልውሰድ? ከየት ልጀምር?
ሰ. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ»

የኔ እህት፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። የጠየቅሽኝ ስለ ክትባት ነው፤ እኔን ግን መጀመሪያ ያሳሰበኝ አውራ ጣትሽ ነው። ከእሱ ልጀምር።

የተወጋሽው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ፔፕ የሚባለው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ነው የሚወሰደው። ያ ጊዜ አልፎሻል። ይሄን ስልሽ ሆድሽ እንዳይባባ። ኤችአይቪ ባለበት ደም የተነካ መርፌ ከወጋቸው 1000 ሰዎች ቫይረሱ የሚይዛቸው 3 ያህሉ ናቸው። አንቺን የወጋሽ ብረት ደግሞ እንደ መርፌ ውስጡ ክፍት ሆኖ ደም የሚይዝ አይደለም። ስለዚህ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ቢሆንም በግምት አትደሪ። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጂና ደም ስጪ፤ ኤችአይቪ፣ እንዲሁም ጉበት ቢ እና ጉበት ሲ የሚባሉት የጉበት ቫይረሶች ይታዩልሽ። የነገው ውጤት መነሻሽ ይሆናል። ከዚያ ከተወጋሽበት ቀን ቆጥረሽ በስድስት ሳምንት፣ በሦስት ወርና በስድስት ወር ትመለሻለሽ። የትኛው ምርመራ በየትኛው ቀን እንደሚደገም እዚያው ያሉት ባለሙያዎች ይጽፉልሻል።

ጨምቆ ማፍሰሱንና አልኮሉን ሁላችንም ስናደርገው ኖረናል። ጥቅም የለውም። የሚጠቅመው የሚፈስ ውሃና ሳሙና ነው። ዓይንሽ ውስጥ ከተረጨ ደግሞ ንጹህ ውሃ፣ ደጋግሞ። ከዚያ ወዲያው ለኃላፊ መንገር ነው።

«ለማንም አልተናገርኩም» ያልሽው አንጀቴን በላው። ለምን እንደዋጥሽው አውቃለሁ። የተወጋ ሰው «ዝርክርክ ነች» ይባላል ብለሽ ነው። እኔም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ጥርስ ከተነቀለለት ሰው የማደንዘዣ መርፌ ክዳኑን በሁለት እጄ ስመልስ ግራ ጠቋሚ ጣቴን ወጋኝ። አለቃዬን ፈርቼ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ሁለቱንም ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነገርኳት፤ ከ72ቱ ሰዓት የቀረኝ ጥቂት ነበር። ያን ጊዜ አንዲት ባልደረባ «ክዳኑ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ መርፌውን በአንድ እጅ ገፍቶ ውስጡ ማስገባት ነው፤ ሁለተኛው እጅሽ ወደ ኋላሽ ይሂድ» ብላ አሳየችኝ። ከዚያ ወዲህ መርፌ ወግቶኝ አያውቅም። አንቺም ዛሬ ለዶክተር ንገሪያቸው። ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ ይያዝልሽ። ነገ አንድ ነገር ቢመጣ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት መሆኑን የሚመሰክርልሽ ያ ጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ ክትባቱ። ጥርስ ክሊኒክ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ የሚቀድመው የጉበት ቢ ክትባት ነው። ሌሎቹን በኋላ እነግርሻለሁ፤ ገንዘብሽ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ለዚህ አውጪው።

«የወፍ በሽታ» ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ። የሌሊት ወፍ ሽንት ያረፈበት ሰው ዓይኑ ቢጫ ይሆናል እየተባለ ነው ያደግነው። በዚህ ስም ከሚጠሩት ውስጥ ብዙው የጉበት ቫይረስ ነው። ጉበት ቢ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋና ከእናት ወደ ልጅ ነው። በአገራችን ከ100 ሰው 6 ወይም 7 ያህሉ ቫይረሱን ይዞት ይኖራል። ክሊኒካችሁ በቀን 15 ሰው ቢያክም በአማካይ አንዱ ቫይረሱ አለበት ማለት ነው። ብዙዎቹ ራሳቸውም አያውቁትም፤ ስለዚህ «በሽታ አለብህ ወይ» ብሎ ጠይቆ መጠንቀቅ አያዋጣም።

እስቲ የምትሠሪበትን ወንበር አስቢው። ሰውየው ለጥርስ እጥበት ይመጣል። ድዱ ይደማል። የመጥረጊያው ማሽን ምራቁንና ደሙን አንድ ላይ ወደ ላይ ይረጨዋል። ማስክሽ ላይ፣ መብራቱ እጀታ ላይ፣ መሳቢያው ላይ ያርፋል። ይህ ቫይረስ የደረቀ ቦታ ላይ ቢያንስ ለሰባት ቀን በሕይወት ይቆያል። ማክሰኞ የተረጨች ጠብታ ቅዳሜም ልትይዝሽ ትችላለች። ቫይረሱ ባለበት ደም የተነካ መርፌ ካልተከተቡ 100 ሰዎች ከ6 እስከ 30 የሚሆኑትን ይይዛቸዋል። ይሄንን ቅድም ለኤችአይቪ ከነገርኩሽ ጋር አስተያዪው። ሁላችንም የምንፈራው ኤችአይቪን ነው፤ በመርፌ በኩል በቀላሉ የሚይዘው ግን ጉበት ቢ ነው። ደግሞም ክትባት ያለው እሱ ነው። ለኤችአይቪ ክትባት የለም። ለጉበት ሲም የለም፤ እሱ ግን ዛሬ ብዙውን ጊዜ በ12 ሳምንት ኪኒን ይድናል።

እናትሽን በዚህ አስረጂያቸው፦ «እማዬ፣ የሕፃን ነው ያልሽው ክትባት እኔ ሕፃን ሳለሁ ገና አልመጣም ነበር።» እውነትሽን ነው። የጉበት ቢ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው አምስት በሽታ በሚከላከለው መርፌ ውስጥ ሆኖ በ1999 ዓ.ም. ነው። አንቺ ከዚያ በፊት ነው የተወለድሽው። በጨቅላነትሽ የተወጋሻቸው ሁሉ ጉበት ቢን አይጨምሩም።

ባልደረባሽ «ከአንድ ጀምሪ» ያለችሽ ልክ አይደለም። የተወጋሽው አንዱ አልጠፋም። ካቆምሽበት ነው የምትቀጥይው። ሁለተኛውን አሁን፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው ቢያንስ ስምንት ሳምንት ቆይተሽ። እንደ አንቺ ያላቋረጠ ሰው ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው በስድስተኛው ወር ይወስዳል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ደም ቀድሞ፣ መርፌ ኋላ። ሁለቱም በአንድ ጠዋት ይሁኑ፤ ምርመራው ግን ይቅደም። መርፌውን ወስደሽ በሳምንቱ ብትመረመሪ ክትባቱ ራሱ ውጤቱን «ፖዘቲቭ» ሊያስመስለው ይችላል። በከንቱ ትደነግጫለሽ።

መርፌው ክንድሽ ላይ፣ ከትከሻሽ ዝቅ ብሎ ይሁን። እኛ አገር መርፌ ሲባል ሰው ጎኑን አዙሮ ቀበቶውን ይፈታል። ይህ ክትባት መቀመጫ ላይ ሲወጋ በደንብ አይሠራም። ጡንቻው ውስጥ መግባት ሲገባው ስቡ ውስጥ ይቀራል። ሌላው ቅዝቃዜው ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከሆነም ይበላሻል። ከመድኃኒት ቤት ገዝተሽ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ከተሽ፣ ታክሲ ተሰልፈሽ ለሚወጋሽ ሰው አትውሰጂ። የሚወጉሽ ሰዎች ከራሳቸው ማቀዝቀዣ አውጥተው የሚሰጡበት ቦታ ሂጂ። «ከፍሪጅ ሲወጣ ልየው» ማለት ነውር አይደለም። የመድኃኒቱን ስምና ቀኑን ካርድ ላይ አስጽፊ፤ ካርዱንም በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

ከሦስተኛው መርፌ በኋላ ብዙው ሰው ጨረስኩ ብሎ ይሄዳል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሦስቱንም ተወግቼ ለዓመታት ተማምኜ ሠርቻለሁ። ደም ነክተናል፣ መግል ነክተናል፣ «እኔ ተከትቤአለሁ» እያልኩ። በኋላ አንድ ጊዜ ሁላችንም እንመርመር ተባለና ቲተሬ፣ ማለትም ደሜ ውስጥ ያለው የመከላከያ መጠን፣ ሲለካ ከ10 በታች ሆኖ ተገኘ። ሰውነቴ መከላከያውን አልሠራም ነበር። ወረቀቱን ይዤ ኮሪደር ላይ የቆምኩባትን ደቂቃ አልረሳትም። ከጤናማ ጎልማሶች 100 ውስጥ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት በሦስቱ መርፌ አይሠራላቸውም። ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ውፍረት ያላቸው፣ ሲጋራ የሚያጨሱና ስኳር ያለባቸው ላይ ይብሳል። እኔ ሦስቱን እንደገና ወሰድኩ። በሁለተኛው ዙር ያዘልኝ።

ስለዚህ ሦስተኛውን ከወሰድሽ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ላብራቶሪ ሄደሽ «አንቲ ኤች ቢ ኤስ ቲተር በቁጥር» ብለሽ ጠይቂ። «አለ» ወይም «የለም» የሚለው ውጤት አይበቃሽም፤ ቁጥሩን ነው የምትፈልጊው። 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰላም ነሽ፤ ጤናማ ሰው ከዚያ በኋላ ማጠናከሪያ አያስፈልገውም። ከ10 በታች ከሆነ እንደ እኔ ሁለተኛ ዙር ነው። ከሁለተኛውም በኋላ የማይሠራላቸው ጥቂት ሰዎች አሉ። እነሱ ይህን ማወቃቸው ትልቅ ነገር ነው። የተወጉ ቀን ቶሎ፣ ቢቻል በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለውን የተዘጋጀ መከላከያ መጠየቅ እንዳለባቸው ያውቃሉ።

የነገው ምርመራ «ቫይረሱ አለ» ቢልሽስ? እሱንም ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው ከምርመራ የሚሸሸው ይህን ፈርቶ ነው። የሥራሽም የሠርግሽም መጨረሻ አይደለም። ብዙዎች ወዲያው መድኃኒት አያስፈልጋቸውም፤ በየጊዜው ክትትል ብቻ። ለሚያስፈልገው ቫይረሱን የሚያዳክም ኪኒን አለ። ባልሽ ይመረመራል፤ ነፃ ከሆነ ይከተባል። ልጅ ስትወልጂ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲከተብ ይዘጋጃል። ይህ የግድ ነው፤ በወሊድ ጊዜ የተያዘ ሕፃን ካልተከተበ ከ10 ዘጠኝ ጊዜ ቫይረሱ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። ሳይታወቅ ሲቀር ነው ከዓመታት በኋላ የጉበት መጠንከር ወይም የጉበት ካንሰር ሆኖ የሚመጣው።

የቀሩትን በአጭሩ። ጣትሽን ብረት ስለወጋሽ የቲታነሱን ነገር አሁኑኑ አስታውሽ፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው ነው። ቲታነስንና ዲፍቴሪያን አንድ ላይ የያዘው መርፌ ከ15 እስከ 49 ዓመት ላለን ሴቶች በጤና ጣቢያ ይሰጣል። አምስት ጊዜ ተወስዶ ነው የሚሟላው። ስንት እንደወሰድሽ ካርድሽን እዪ። ካርድ ከሌለሽ እንዳልወሰድሽ ቆጥረሽ ጀምሪ። ያሟላ ሰው በየ10 ዓመቱ ይደግመዋል።

ኩፍኝ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከአገራችን አልጠፋም፤ በየጊዜው ይነሳል። በአየር ነው የሚሄደው፤ የታመመው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላም እስከ ሁለት ሰዓት አየሩ ውስጥ ይቆያል። አንቺ ደግሞ የምትሠሪው አፉን ከከፈተ ልጅ ፊት አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በመደበኛነት የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ የአንቺ ዘመን ልጆች በመደበኛው ክትባት በዘጠኝ ወራቸው አንዴ ብቻ ነው የተወጉት። አንዱ ብቻውን ከ100 ልጅ 85 ያህሉን ይከላከላል። የጤና ሠራተኛ ሁለት ያስፈልገዋል። ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን አንድ ላይ የያዘውን ካገኘሽ እሱ ይሻልሻል፤ ሩቤላ እርጉዝ ላይ ሲደርስ የፅንሱን ዓይን፣ ጆሮና ልብ ይጎዳልና። ሁለቱ በአራት ሳምንት ልዩነት ነው የሚሰጡት። ጥርን አትርሺ! ይህ ክትባት ለእርጉዝ አይሰጥም፤ ከመጨረሻው በኋላም ቢያንስ አንድ ወር ሳታረግዢ መቆየት አለብሽ። ስለዚህ ከሠርጉ በፊት ጨርሺው። የጉበት ቢና የቲታነሱ ግን እርግዝና ላይም ችግር የላቸውም።

ጉድፍ፣ ቺክንፖክስ የሚባለው፣ በልጅነትሽ ከወጣብሽ ክትባቱ አያስፈልግሽም። ካልወጣብሽና ክትባቱን ካገኘሽ ሁለት ጊዜ ነው፤ የእርግዝናው ጥንቃቄ እንደ ኩፍኙ ነው። የኢንፍሉዌንዛው በየዓመቱ የሚወሰድ ነው፤ የኮቪዱንም ካልጨረሽ ጨርሺ። ቲቢን በተመለከተ ደግሞ አራስ ሳለሽ ክንድሽ ላይ የተወጋሽው ጠባሳ አሁን አይከላከልልሽም፤ መድገሙም አይረዳም። እዚያ ላይ የሚያድንሽ የተከፈተ መስኮትና ማስክ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ታካሚ ሲመጣ ደግሞ ጥርሱ ካላስቸኮለ መጀመሪያ እንዲመረመር ለዶክተር መንገር ነው።

ስለ ገንዘቡ። መጀመሪያ በአቅራቢያሽ ያለ ጤና ጣቢያና የመንግሥት ሆስፒታል ለጤና ሠራተኛ የጉበት ቢ ክትባት እንዳለ ጠይቂ። ከሌለ ወደ ዶክተር ተመለሺ፤ በአክብሮት፣ ግን ወረቀት ይዘሽ። «ዶክተር፣ የሁላችንንም ስም ጽፌ መጥቻለሁ። ማን ስንት እንደወሰደ ይኸው። የቀረውን ክሊኒኩ ይሸፍንልን፤ ካልሆነ ከደመወዛችን በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይቆረጥ» በያቸው። «እናያለን» የሚመጣው ነገሩ ሲጠየቅ በደፈናው ሲሆን ነው። ስም፣ ቁጥርና ዋጋ ያለበት ወረቀት ፊታቸው ሲቀርብ መልስ ይፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድደዋል። አሜሪካ ሆናችሁ በጥርስ ክሊኒክ ረዳትነት የምትሠሩ አንባቢዎቼ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወጣው ሕግ፣ ደም የሚነካ ሥራ ላይ ለተመደበ ሠራተኛ አሠሪው የጉበት ቢን ክትባት ሥራ በጀመረ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በነፃ ማቅረብ አለበት። ካላቀረቡላችሁ እናንተው ጠይቁ።

ከስም ዝርዝሩ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋን እንዳትረሺያት። የሁልጊዜ ቁጭቴ ይሄ ነው። ቆሻሻ መጣያውን በእጇ ተጭና የምታስረው እሷ ነች። ሴፍቲ ቦክሱ፣ የመርፌ መጣያው ሳጥን፣ ጢም ብሎ ሲሞላ የተረፈውን መርፌ ከወለል የምታነሳው እሷ ነች። ክትባት ሲመጣ ግን «የጤና ባለሙያ አይደለችም» ተብላ ትቀራለች። ስሟን ከላይ ጻፊው። ሴፍቲ ቦክሱም ከአራት ሦስቱ እጅ ሲሞላ ይዘጋ። ዕቃ ስታጥቡ ስሱን የምርመራ ጓንት ትታችሁ ወፍራሙን የላስቲክ ጓንት አድርጉ፤ አንቺን የወጋሽም እኮ ስሱ ጓንት ስለሆነ ነው።

ነገ ጠዋት ደሙ፣ ከዚያ ሁለተኛው መርፌ። የቲተርሽ ቁጥር ሲመጣ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።